እንጦጦ ለእግር ጉዞ ስትወጡ እነዚህን አታድርጉ

ቅዳሜ ጠዋት ጀማሪዎችን ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። አንዳንድ ስህተቶችን ደጋግሞ ማየት ግን ሰልችቶኛል።

አንዱ ጥድፊያ ነው። ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ ዳገቱን በሩጫ የሚያያዘው አይጠፋም። ላይ ስትደርሱ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አልፋችኋል፤ አየሩ ይሳሳል። እየተራመዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ቀስ በሉ።

ልብስም አለ። ፒያሳ ሞቀ ማለት እንጦጦ ሞቀ ማለት አይደለም። ጃኬት ያዙ። ኮፍያም ያዙ፤ እየበረዳችሁም ፀሐዩ ያቃጥላችኋል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ አትውጡ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ መንገድ መዝጋት። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሰው በዝቷል፤ እሰየው ነው። ከፓርኩ ውጭ ያሉት ቀጫጭን መንገዶች ግን ለሽርሽር የተሠሩ አይደሉም። እንጨት ተሸካሚ እናቶች ለእንጀራቸው የሚመላለሱባቸው ናቸው። እኛ መሀል ላይ ቆመን ሰልፊ እንነሳለን።

እስቲ አንዷን ልብ ብላችሁ እዩ። ጎንበስ ብላ ትወርዳለች። የባሕር ዛፉ ጭራሮ ጀርባዋ ላይ በአግድም ታስሯል፤ ጫፎቹ ግራና ቀኝ ቁጥቋጦውን እየጠረጉ ያልፋሉ። ገመዱ ደረቷ ላይ ሰምጧል። ዓይኗ መሬት መሬቱን ነው፤ እናንተን አታይም። ቁልቁለት ላይ ድንገት ቁሚ ቢሏት ሸክሙ ይዟት ይሄዳል።

እኔም አድርጌዋለሁ። በጀመርኩበት ዓመት ስምንት ሆነን ፎቶ ስንነሳ አንዲት እናት መጡብን። እኛን ለማለፍ ከመንገዱ ወጡ። ደረቁ ቅጠል አንሸራተታቸውና ወደቁ፣ ጭራሮው ተበተነ። ሮጠን ለቀምንላቸው። «ምንም አይደል ልጄ፣ ብቻ አሸክሙኝ» አሉ። ለሁለት ነው ያነሳነው፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ያንን ተሸክመው ሽሮ ሜዳ ድረስ ሊወርዱ ነው።

ስለዚህ የቅጠሉን ኮሽታ ስትሰሙ መንገዱን ልቀቁ። በዳገቱ በኩል ጥግ ያዙ። «በርቱ እናቴ» በሉ። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ፤ ማንም ሰው በሸክም ጎብጦ ሳለ መታየት አይፈልግም።

እንጦጦ ማርያም ስትደርሱ ስፒከራችሁን አጥፉ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚህ ነው፤ ዛሬም ሰው ቆሞ የሚጸልይበት ደብር ነው።

የውሃ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ውረዱ።

ደግሞ አታምሹ። ጫካው ውስጥ ጅብ አለ። እኔ 10 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ቆጥሬ ወደ አስፋልቱ አወጣለሁ፤ አንድ ሰው ከጎደለ ታክሲ ውስጥ አንገባም።