የአይኤልትስ ግራፍ ሲመጣላችሁ ቁጥር ለመልቀም አትቸኩሉ

አይኤልትስ አካዳሚክ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ልትፈተኑ ከሆነ ራይቲንግ ታስክ 1 (የጽሑፍ ክፍሉ የመጀመሪያ ጥያቄ) ላይ ግራፍ፣ ሠንጠረዥ ወይም ካርታ ይጠብቃችኋል። ብዙ ሰው ገና ሳያየው ቁጥር መልቀም ይጀምራል። ተው! መጀመሪያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት። የቱ ወጣ? የቱ ወረደ? የት ላይ ተበላለጡ?

ከዚያ ጥያቄውን በራሳችሁ አባባል ጻፉና ወዲያው ኦቨርቪው (ዋና ዋናውን ለውጥ በአጭሩ የሚናገር ማጠቃለያ) አስገቡ። እዚህ ላይ ቁጥር አያስፈልግም። ግራፉ ከ1990 እስከ 2020 የሻይና የቡና ሽያጭን ያሳያል እንበል። «በአጠቃላይ የቡና ሽያጭ ሲጨምር የሻይ ቀንሷል፤ በመጨረሻም ቡና በልጧል» ብትሉ ይበቃል። (በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ!) ኦቨርቪው ከሌለ የቀረው ቢያምርም ነጥብ ያስቀንሳል።

ዝርዝሩ ላይ ዓመቱን ሁሉ አትደርድሩ። መነሻውን፣ ጫፉንና መድረሻውን ይዛችሁ ሁለቱን አወዳድሩ። የቡና ሽያጭ ለምን እንደጨመረ ግን አትተንትኑ፤ ግራፉ ላይ የሌለ ምክንያት ማንም አልጠየቃችሁም።

ዝቅተኛው 150 ቃል ነው፤ ትንሽ አለፍ በሉ እንጂ አታንዛዙት። 20 ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ ወደ ታስክ 2 (ወደ ድርሰቱ) እለፉ፤ እጥፍ ነጥብ ያለው እሱ ነው።