ቤት ስትቀይሩ ቆጣሪውን ቀድማችሁ እዩ
ድሬ ላይ ቤት ልትቀይሩ ነው? ከዚራም ይሁን ሳቢያን፣ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት የመብራት ቆጣሪው ጋ ሂዱ። ንባቡን ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። የምትለቁትንም ቤት እንደዚያው። ውዝፍ ዕዳ ካለ ቀድሞ ይከፈል፤ የወጣው ተከራይ ባይከፍልም መብራት የሚቆረጠው እናንተ ላይ ነው። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱን መቀበል እንዳትረሱ።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ቆጣሪው የብቻ ነው ወይስ የጋራ? ታሪፉ በእርከን ነው። በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያልበለጠ ፍጆታ በርካሹ ይታሰባል፣ ከዚያ በላይ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቶሎ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር አይጠፋም፤ ጎረቤት ኤሲ ካለው ደግሞ ሒሳቡን አስቡት! አከፋፈሉን በቃል ሳይሆን በኪራይ ውሉ ላይ አስፍሩት።