ፀሐይዋ እንዳታታልላችሁ፦ በስፕሪንግ መጀመሪያ ካያክ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሲያትል ውስጥ ማርች ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ድንገት ብራ ይሆናል። ስንት ወር የከረመው ደመና ይገፈፋል። የአየሩ ሙቀት 18 ዲግሪ ይደርሳል፣ በፋራናይት 65 ገደማ መሆኑ ነው። ያን ቀን ሌክ ዋሺንግተን የሚባለው ሐይቅ ዳር ያለው ሱዋርድ ፓርክ ብትሄዱ ቲሸርትና ቁምጣ ለብሰው ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ፣ የሚያወርዱ ሰዎች አታጡም። ከመሃላቸው ሐበሻም አይጠፋም፤ ሰፈራችን ቅርብ ነው።

ውሃው ግን ገና ከብርዱ አልወጣም። የሌክ ዋሺንግተን ጥልቀት ከ60 ሜትር ያልፋል። ያን ያህል ውሃ በአንድ ፀሐያማ ሳምንት አይሞቅም። በማርች መጨረሻ ላዩ ራሱ 8 ወይም 9 ዲግሪ ቢሆን ነው።

ይህን የተማርኩት ወድቄ ነው። ከዳር 30 ሜትር ብንርቅ ነው። ለጓደኛዬ ኮዳ ላቀብለው ጎንበስ ስል ካያኩ ተገለበጠ። ልጮህ አፌን ስከፍት ድምፅ እንቢ አለኝ። ትንፋሼ ወደ ውስጥ ብቻ ይገባል፤ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ያለማቋረጥ። ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) ባልለብስ ኖሮ ያኔ የምውጠው ውሃ ነበር። የለበስኩትም ጓደኛዬ ጠዋት «አንተ ልጅ፣ ካልለበስከው ከዚህ አንንቀሳቀስም» ብሎ ስለተቆጣኝ ነው። ዳር ከወጣን በኋላ የጃኬቱን ማሰሪያ መፍታት አቃተኝ። ጣቶቼን አያቸዋለሁ፣ ግን የእኔ አይመስሉም። የፈታልኝ እሱ ነው።

ላይፍ ጃኬቱን ሳይለብሱ ካያኩ ላይ ከኋላ አስሮ መሄድ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። «ካያኩ ቢገለበጥ ጃኬቱን አነሳዋለሁ» ይባላል። አታነሱትም። ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳን ድንገት ሲነካ ሰውነት ሳይጠየቅ አየር ይስባል። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይደልቃል። ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ አፍንጫችሁ ከውሃ በታች እያለ ከመጣ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ የሚገድለው በብርድ አደንዝዞ ይመስለዋል። ግን ብዙዎቹ ሰውነታቸው ገና ሳይቀዘቅዝ ነው የሚሰምጡት።

የካናዳው የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብረክት ራሳቸው በረዶ ውሃ ውስጥ እየገቡ ጭምር ይህን አጥንተዋል። ለማስታወስ የሚመች ቀመርም አላቸው፦ 1፣ 10፣ 1። ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ። እጅና እግር የሚታዘዝበት ወደ 10 ደቂቃ። ራስን ከመሳት በፊት ወደ 1 ሰዓት። ቁጥሩ ከሰው ሰውና እንደ ውሃው ቅዝቃዜ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ላይፍ ጃኬት የሚገዛላችሁ ያቺን የመጀመሪያዋን ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ለመዋኘት አትታገሉ። ካያኩን ያዙ፣ ፊታችሁን ከውሃ በላይ አድርጉ፣ ትንፋሻችሁ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

በዋሺንግተን ስቴት ሕግ ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ጃኬቱን መልበስ ግዴታው ነው። ለአዋቂ ሕጉ የሚጠይቀው ልኩ የሆነ ጃኬት ጀልባው ላይ እንዲኖር ነው። እናንተ ግን ልጃችሁ እንደሚለብሰው ልበሱት። ማሰሪያውን አጥብቁና ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጫችሁን አልፎ ከወጣ ሰፍቷችኋል።

ለአየሩ መልበስ

ልብስ የሚመረጠው በውሃው ሙቀት ነው። ውሃ ሙቀታችሁን ከአየር ወደ 25 እጥፍ በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል። ጂንስና የጥጥ ሹራብ አንዴ ከረጠበ ብርዱን ሰውነታችሁ ላይ ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ወቅት ወፈር ያለ ዌትሱት ወይም ድራይሱት ያስፈልጋል። ዌትሱት የሚሠራው ትንሽ ውሃ አስገብቶ ሰውነታችሁ ያንን እንዲያሞቀው በማድረግ ነው፤ ስለዚህ ጥብቅ ካላለ ጥቅም የለውም። ድራይሱት ውሃ አያስገባም፣ ራሱ ግን አያሞቅም። ከሥሩ ሱፍ ወይም ፍሊስ ልበሱ። ጓንትና ኮፍያም አትርሱ።

ልብሱ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ሰው አጠገባችሁ ቆሞ፣ ዳር ላይ ውሃው ውስጥ ቀስ ብላችሁ እስከ አንገታችሁ ግቡና ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ያንን ካልቻላችሁ የዛሬው ቀዘፋ ይቅር።

«ዋና እችላለሁ» ማለት

ላንጋኖ ወይም ሶደሬ ላይ ዋና የለመደ ሰው እዚህ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። የላንጋኖ ውሃ ለብ ያለ ነው። እዚህ ጥሩ ዋናተኛ ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ክንዱ ይከብደዋል። ስለዚህ ካያኩን ለቃችሁ ወደ ዳር አትዋኙ። ካያክ ተገልብጦም ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል፤ ጭንቅላት ግን አይታይም። መውጣት ካልቻላችሁ ጉልበታችሁን ወደ ደረታችሁ ሰብስቡና እጃችሁን አጣጥፉ። ሁለት ከሆናችሁ ተቃቀፉ።

ዋና ጨርሶ የማንችልም ብዙ ነን፣ ይህን ማፈር አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ሰው ካያክ መጀመር ያለበት ኦገስት ላይ፣ ከአስተማሪ ጋር ነው። በማርች አይደለም።

ተመልሶ መውጣትን አለመለማመድ

ከላዩ የሚቀመጡበት ካያክ ውሃ አይዝም፤ ገልብጣችሁ በሆዳችሁ ትወጡበታላችሁ። ውስጡ የሚገቡበት ግን ሌላ ነው። በተለይ ርካሹ፣ ውስጡ በግድግዳ ያልተከፈለው ዓይነት፣ ከተገለበጠ እንደ ገንዳ ይሞላል። እሱን መሃል ሐይቅ ላይ አፍስሶ መግባት ለልምድ ያለው ሰውም ይከብዳል። ልምምዱን በጋ ላይ ወይም በመዋኛ ገንዳ ጨርሱ። ያ እስኪሆን መለኪያችሁ ያቺ 10 ደቂቃ ትሁን፦ ዳሩን ተከትላችሁ ቅዘፉ፣ አታቋርጡ።

ነፋሱን ከዳር ሆኖ መገመት

ሌክ ዋሺንግተን ላይ ተንሳፋፊ ድልድዮች አሉ። ነፋሱ ከደቡብ ጠንክሮ ሲመጣ በድልድዩ በስተደቡብ ማዕበሉ ግድግዳውን ይመታል፣ በስተሰሜን ያለው ውሃ ደግሞ የተኛ ይመስላል። በሰሜን በኩል የተነሳ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አያይም። ዛፍና ኮረብታም እንዲሁ ይከልላሉ። ከሁሉ የከፋው ከጀርባችሁ፣ ከዳር ወደ መሃል የሚነፍሰው ነው። ሲወስዳችሁ ደስ ይላል፣ ስትመለሱ ግን ክንድ ይጨርሳል። ትንበያውን የምትመለሱበትን ሰዓት ጭምር አይታችሁ ውጡ፤ ስትነሱም መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ቅዘፉ።

ስልኩን ቦርሳ ውስጥ መተው

ቦርሳው ከካያኩ ጋር ሄዶ ስልኩ ምን ይሠራል? ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጋችሁ ሰውነታችሁ ላይ እሰሩት። ፊሽካም ጃኬታችሁ ላይ አንጠልጥሉ፤ ድምፅ እንቢ ሲል ፊሽካ ይጮኻል። ብቻችሁን አትውጡ። ቤት ላለ ሰው የት እንደምትገቡና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ።

በባዶ ሆድ መውጣት

ይህን ማንም የእንግሊዝኛ መመሪያ አይጽፍልንም። ማርችና ኤፕሪል ብዙዎቻችን ሁዳዴ ላይ ነን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላ ሰው ጉልበቱ ይደክማል፤ ሰውነት ራሱን የሚያሞቅበት መንቀጥቀጥም የሚበላው ምግብ ይፈልጋል። የምትጾሙ ከሆነ ቀዘፋውን ከፋሲካ በኋላ አድርጉት፤ ያኔ ውሃውም ትንሽ ይሻላል። ቢራም ከመቅዘፍ በፊት አይሆንም።

ከውሃ የወጣን ሰው ማሸት

አውቀን ሳይሆን ደንግጠን እጅና እግሩን እናሻለን፣ ወደ ሙቅ ሻወር እንወስደዋለን፣ «ይሞቅሃል» ብለን አረቄ እናቀርባለን። ሦስቱም ይጎዳሉ። በጣም የቀዘቀዘ ሰው ልቡ ስስ ነው፤ ቢያራምዱት ወይም ቢያንገላቱት ሊቆም ይችላል። አጋድሙት። እርጥቡን ልብስ ቀስ ብላችሁ አውልቁ፣ ደረቅ አልብሱት፣ ጭንቅላቱን ሸፍኑ። መኪናችሁ ውስጥ ደረቅ ጋቢና ብርድ ልብስ ይኑር። ነቅቶ የሚያወራ ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሻይ ስጡት። ውሃ ገብቶት የሚያስለው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ሐኪም ይየው። ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ወይም ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ተሻለው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ወዲያው 911 ደውሉ።