ቲማቲም ፍራፍሬ ነው ወይስ አትክልት? በቢላ የመለየት ዘዴ

የገበያ አነጋገራችን ራሱ ያሳስታል። ሎሚውም፣ ሽንኩርቱም፣ ድንቹም በ«ፍሬ» ይቆጠራል፤ «ሦስት ፍሬ ድንች ጨምሪልኝ» ይባላል፣ ድንች ግን ፍሬ አይደለም። እውነተኛ ፍሬ የሆኑት ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ደግሞ ከጎመን ጎን ተደርድረው አትክልት ይባላሉ። ጣዕም አይለይም፤ ካሮት ይጣፍጣል፣ ሎሚ ይኮመጥጣል። በዕፅዋት ትምህርት መለያው አንድ ነው፦ አበባው ውስጥ ካለችው የዘር ከረጢት ያደገ ነገር ፍሬ ነው። ቅጠል፣ ግንድ፣ ሥር ወይም እንቡጥ ከሆነ አትክልት በሉት።

ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች እዩ። ቲማቲም ከላይ ኮከብ የመሰለ አረንጓዴ ቆብ አለው፤ ከታች ደግሞ አበባው የረገፈባት ትንሽ ነጥብ ትታያለች። ዱባ ላይ ይቺ ጠባሳ ሰፋ ትላለች። ካሮት ላይ ግን ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሥር እንጂ የአበባ ጠባሳ አታገኙም።

ከዚያ አግድም ቁረጡ። ቃሪያ ውስጥ ዘሩ ከነጩ ሥጋ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ሽንኩርት ውስጥ ያለው ቀለበት ብቻ ነው፤ ቀለበቶቹ ያበጡ የቅጠል እግሮች ሲሆኑ፣ ሥሩ የሚበቅልባት ጠፍጣፋ መቀመጫ ግንዱ ናት። ድንች ዘር የለውም፣ ዓይን አለው። ዓይኑ ቡቃያ ስለሆነ ድንች ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ ነው፤ ስኳር ድንች ግን ሥር ነው። ለዚህም ነው አንዱ ዓይን ባለው ድንች፣ ሌላው በሐረግ ቁራጭ የሚተከለው።

ዘር የለም ብላችሁ አትቸኩሉ። ሙዝ መሃል ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ሳያድጉ የቀሩ ዘሮች ናቸው፤ ሙዝ ፍሬ ነው። ፎሶሊያ ከነልባሱ ፍሬ ነው። የማሽላ ቅንጣትም እያንዳንዷ ደረቅ ፍሬ ናት፣ ማንም ፍራፍሬ ብሎ ባይሸጣትም። ከሁሉም የሚገርመው ሾላ ነው፦ ያልበሰለውን ብትሰነጥቁት ውስጡ በጥቃቅን አበቦች የተሞላ ከረጢት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ክርክሩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1893 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቲማቲም በዕፅዋት ትምህርት ፍሬ መሆኑን ተቀብሎ፣ ለቀረጥ ሲባል ግን አትክልት ነው ብሏል። ለወጥም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የሚጠቅመው ጓሮና ጓዳ ላይ ነው።

ፍሬ የምትፈልጉበት ተክል አበባው መትረፍ አለበት። ዱባ መጀመሪያ የሚያወጣው በአብዛኛው ወንድ አበባ ነው፤ ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆምና ይረግፋል፣ አትደንግጡ። ሴቷ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። ንብ ከጠፋ በማለዳ የወንዱን ዱቄት ወደ ሴቷ አበባ መሃል አስነኩ። እንደ ቆቦ ባለ ቆላ ሙቀቱ ሲበረታ ቲማቲም አበባውን ይጥላል፤ ዩሪያ ሲበዛበት ደግሞ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ፍሬው ያንሳል። ጎመን ተቃራኒው ነው፦ ማበብ ሲጀምር ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ይመርራል፤ ለዘር ካልተፈለገ ቀንጥሱት።

በደሴ ዙሪያ ደጋ ድንች የምታለሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድንች ካበበ በኋላ ትንሽ አረንጓዴ ቲማቲም የሚመስል ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። እውነተኛው የድንች ፍሬ እሱ ነው፣ መርዛማም ነው፤ ልጆች እንዳይቀምሱት። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነውን ድንችም አትብሉ።

ጓዳ ውስጥ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝና የበሰለ ቲማቲም ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ። ጎመንና ሰላጣ አጠገባቸው ከዋለ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፤ በተለያየ ቅርጫት፣ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ያልበሰለ ማንጎ ለማብሰል ግን ይኸው ጋዝ ይረዳል፦ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ጠቅልሉት፣ በየቀኑም እየጫናችሁ ፈትሹት።