የሞተር ፕሮግራም ተቀይሮ ዋስትና ሲከለከል፦ ችግሩና መፍትሄው

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ስሠራ፣ ጉልበት እንዲጨምር የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም የተቀየረ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ዋስትናዬ ጠፋ ማለት ነው?» አልጠፋም። ዋስትና የሚከለከለው ክፍል በክፍል፣ ብልሽት በብልሽት ነው። ብዙዎችን ለክልከላ ሲዳርግ ያየሁት ደግሞ የማስጠንቀቂያው መብራት ከበራበት ሰዓት ጀምሮ መኪናው አከፋፋዩ ዘንድ እስኪደርስ ባለቤቱ በድንጋጤ የሚሠራው ሥራ ነው።

የዘይት መጠን፣ ባትሪ፣ የለቀቀ የአየር ቱቦ አይታችኋል፤ የብልሽት ኮዱንም አንብባችሁ ጽፋችኋል ብዬ እጀምራለሁ። ኮድ ማንበቢያ ሳይኖረው ፕሮግራም የሚያስቀይር ሰው ይገርመኛል። ዋጋው እኮ ከአንድ ጎማ ያነሰ ነው።

ምልክት፦ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም

በእጅ ማርሽ የሚነዳ፣ ባለ 2 ሊትር ተርቦ መኪና ከሆነ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሰባተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ከፋብሪካ ሲወጣ የመጠምዘዝ ኃይሉ 350 ኒውተን ሜትር ነው። የመጀመሪያ ደረጃ የሚባለው ቱኒንግ፣ ማለትም ፕሮግራም መቀየር፣ ይህን ከ430 በላይ ያደርሰዋል። ፍሪሲዮኑ ግን የተሠራው ለፊተኛው ነው። በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ፔዳሉን እስከ ታች ስትረግጡ ይለቃል፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል።

መፍትሄው ጠንከር ያለ ፍሪሲዮን በራስ ገንዘብ መግዛት ነው። በዚህ ከአከፋፋዩ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ፍሪሲዮን በመደበኛው መኪና ላይም ቢሆን የሚያልቅ ዕቃ ተብሎ ይታያል።

ምልክት፦ ሲፋጠን ይንገጫገጫል፣ ኮዱም ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ነው

ካንዴላ። የተርቦው ግፊት ሲጨምር ብልጭታው በሰፊ ክፍተት መዝለል ያቅተዋል። በተቀየረ ሞተር ላይ ክፍተቱን ወደ 0.6 ሚሊሜትር አጠባለሁ። ካልተስተካከለ ኮዱ የሚጠቁመውን ሲሊንደር ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ፤ ኮዱ አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የቦቢናው ነው። በግማሽ ዋጋ ከኢንተርኔት የተገዛ ካንዴላ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ። ሣጥኑ እውነተኛውን ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ግን በ4,000 ማይል ነጩ ሸክላ ተሰንጥቆ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ቀየርኩለት፤ ሦስተኛውን እንዲያመጣ አልፈቀድኩም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ አቁሙ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታው ላይ ያለውን ካታሊቲክ (የጭስ ማጽጃ) እያቀለጠው ነው። በአሜሪካ ሕግ ካታሊቲኩና የሞተሩ ኮምፒውተር 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል የሚደርስ የልቀት ዋስትና አላቸው። መብራቱ እየጮኸባችሁ 200 ማይል ነድታችሁ ያንን ዋስትና መጠየቅ ግን አስቸጋሪ ነው።

ምልክት፦ «ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም መልሼው ነበር፤ እንዴት አወቁብኝ?»

ይህ ነው የሚያሰለቸኝ። መኪናው ይበላሻል። ባለቤቱ ላፕቶፑን ከፍቶ የድሮውን ፕሮግራም ይመልሳል፣ ኮዶቹን ሁሉ ይሰርዛል፣ መኪናውን አሳጥቦ አከፋፋዩ ዘንድ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ይጮኻል፤ ዋስትናው ተከልክሏል። ከዚያ ወደ እኔ ይመጣና «ማን ነገራቸው?» ይላል።

የነገረችው መኪናዋ ራሷ ናት። የሞተሩ ኮምፒውተር በውስጡ ካለው ስሌት ሁሉ ተቀምሮ የሚወጣ ሲቪኤን የሚባል የማረጋገጫ ቁጥር አለው። በፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት አኃዝ ከተለወጠች ቁጥሩም ይለወጣል። ይህን ቁጥር ለማየት የአከፋፋዩ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም፤ ደህና የሆነ ኮድ ማንበቢያ ያወጣዋል። የቮልስዋገንና የአውዲ አከፋፋዮች መሣሪያ ከጀርመን ማዕከል ጋር በኢንተርኔት ይገናኛል። ፕሮግራሙ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ካልተጣጣመ በመኪናው የሻንሲ ቁጥር ላይ ቲዲ1 የሚባል የዋስትና ክልከላ ምልክት ይጻፋል። ምልክቱ የሚቀመጠው ማዕከሉ ላይ ስለሆነ ከዚያ በኋላ መኪናውን ብትመልሱት፣ ኮምፒውተሩን ነቅላችሁ ብትጥሉት አይጠፋም። ለዘይት ለውጥ ገብቶ ምልክቱ የተጻፈበት መኪና አውቃለሁ።

«እኔ ግን ከመሄዴ በፊት መልሼዋለሁ» ይላሉ። አዎን፣ ሲቪኤኑ ይመለሳል። ብዙ ኮምፒውተሮች ግን ስንት ጊዜ እንደተጻፈባቸው ይቆጥራሉ። አከፋፋዩ አንድም ጊዜ ፕሮግራም ያላደሰለት መኪና ቆጣሪው 4 ካሳየ ሦስቱን ወይም አራቱን ማን ጻፋቸው? ይህም ይቅር። ኮድ ሲሰረዝ የልቀት መቆጣጠሪያዎቹ ፍተሻ በሙሉ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳው ርቀትም ይመዘገባል። አንድ ወጣት ያመጣልኝ ወረቀት ትዝ ይለኛል። መኪናው 31,000 ማይል ሄዷል፣ ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ ግን 14 ማይል። ከቤቱ እስከ አከፋፋዩ ያለው መንገድ በትክክል 14 ማይል ነው። ምን ልበለው?

ከዚህም የባሰ አይቻለሁ። አንዱ ፕሮግራሙን መመለስ የረሳው መሆኑ ትዝ ያለው አከፋፋዩ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ደርሶ ነው። እዚያው ቆሞ፣ ባትሪው ደክሞ ሳለ፣ ራዲዮውን እንኳ ሳያጠፋ መጻፍ ጀመረ። ግማሽ ላይ ኃይሉ ወረደ፤ ኮምፒውተሩ ሞተ። ለተርቦ ጩኸት የመጣ መኪና ሞተሩ የማይነሣ ሆኖ፣ ላፕቶፑ ከነገመዱ መቀመጫው ላይ እንዳለ፣ በአከፋፋዩ ሠራተኞች ተገፍቶ ወደ ውስጥ ገባ። ሌላው ደግሞ ሁሉንም ነገር በጥንቃቄ መልሶ የቱኒንግ ቤቱን ተለጣፊ ከኋላው መስታወት ላጠው። የስሙ ቅርጽ ግን ፀሐይ ባልነካው ቦታ ላይ ፊደል በፊደል ይነበብ ነበር።

ጉልበት ለመጨመር በተርቦው ግፊት ሴንሰርና በኮምፒውተሩ መካከል የሚሰካው ሣጥንም ያው ነው። ሻጮቹ «ዱካ አይተውም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ፕሮግራሙን ስለማይነካ ሲቪኤኑ አይለወጥም። ሣጥኑ የሚሠራው ግን የተርቦውን ግፊት ለኮምፒውተሩ አሳንሶ በመዋሸት ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ነው እየተባለ የሚገባው አየርና የሚረጨው ነዳጅ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚያስተካክልባቸው የእርማት ቁጥሮች ይዛባሉ፤ ብልሽቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የተያዙት ልኬቶችም አብረው ይቀመጣሉ። ደግሞ አቧራ የጠገበ ሞተር ውስጥ ሁለት ሶኬት ብቻ ጣት የነካካቸው ሆነው ሲታዩ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ መፍትሄው። ፕሮግራሙን አትመልሱ። ኮድ አትሰርዙ። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ ኮድ አትሰርዙ፤ ብልሽቱ ሲመዘገብ የነበረው የሙቀት፣ የፍጥነትና የግፊት ልኬት የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው፣ ምናልባት እናንተን ሊያድናችሁ የሚችለውም እሱ ነበር። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አከፋፋዩ ዘንድ ስትደርሱ መኪናውን ለሚረከበው ሰው ፕሮግራሙ የተቀየረ መሆኑን ንገሩት፤ ከጠየቃችሁ አትዋሹ፣ ውሸቱ ሲያዝ ከዋስትና ክርክር ወጥቶ ማጭበርበር ይሆናል። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የምርመራው ዋጋ ጣሪያ በጽሑፍ ይሰጣችሁ፤ ዋስትናው ከተከለከለ የመፍቻውን ሰዓት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁና። የተፈታው ዕቃ እንዳይጣል በዚያው ወረቀት ላይ አስጽፉ። ዕቃው ከተጣለ በኋላ የሚመጣ ደንበኛን መርዳት አልችልም፤ ፎቶ እያየሁ ፒስቶን አልመረምርም።

ምልክት፦ ከቱኒንጉ ጋር የማይገናኝ ዕቃ ተበላሽቶ ተከለከለ

የመስኮት ሞተር፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የኋላ ካሜራ። እዚህ ላይ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ አንድ ኩባንያ «የእኔን ዕቃ ብቻ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ይፈርሳል» እንዳይል ይከለክላል። ከውጭ የተገጠመ ዕቃ ስላለ ብቻ መከልከል አይበቃም፤ ያ ዕቃ ብልሽቱን ማምጣቱን ማሳየት የከልካዩ ድርሻ ነው። ሕጉን የሚያስከብረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው፤ በፍርድ ቤት የረታ ሸማችም የጠበቃውን ወጪ ጭምር ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ በቃል የተነገረ ክልከላን አትቀበሉ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የትኛው ክፍል ተከለከለ፣ ምን አበላሸው ተባለ፣ ማስረጃው ምንድን ነው። አንዲት እህት የመሪ ሞተሯ ተበላሽቶ «መኪናው የተቀየረ ነው» ተብላ ተመለሰች። ይህንኑ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ሰጠች፤ በሳምንቱ ተሠራላት። መልስ ከጠፋ ጉዳዩ ወደ አምራቹ የአካባቢ ተወካይ እንዲተላለፍ ጠይቁ።

ሕጉን ግን በሌለበት አትጥሩት። ተርቦ፣ ፒስቶን፣ ካምቢዮ፣ የነዳጅ ፓምፕ ሲሆን «ቱኒንጉ አደከመው» ብሎ ማስረዳት ለእነሱ ቀላል ነው። የሕጉን ስም በወረቀት ላይ አትሞ የቀለጠ ፒስቶን ይዞ የሚከራከር ሰው አይቼ አዝኛለሁ።

ምልክት፦ በዝቅተኛ ዙር ጠንካራ ነዳጅ ሲሰጥ የመዶሻ ድምፅ፣ ኋላም ሰማያዊ ጭስ

ሁለት መንስኤ አለ። አንደኛው ስስት ነው። ለ93 ኦክቴን (የቤንዚን ደረጃ ነው) በተሠራ ፕሮግራም ላይ 87 መቅዳት። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ 93 ይገኛል፤ ካሊፎርኒያ ግን የተለመደው ከፍተኛው 91 ነው፣ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፕሮግራሙን አስቀድሞ ወደ 91 ያስቀይር። በአንድ ታንክ 10 ዶላር ለማትረፍ ሞተር ያጣ ደንበኛ አለኝ። ደረሰኞቹን ሲያሳየኝ ሁሉም 87 ናቸው፣ በመኪናው መሳቢያ በጥንቃቄ ተደርድረው።

ሁለተኛው ከጊዜው የቀደመ ቃጠሎ ነው። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ ትናንሽ ተርቦ ሞተሮች ላይ፣ በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር ባለው መካከል፣ በከፍተኛ ማርሽ ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ይከሰታል። የፒስቶኑን የፋሻ መቀመጫ ይሰብራል። ቱኒንግ በዚያ ዙር ላይ ግፊት ስለሚጨምር አደጋውን ያባብሰዋል። ዘይታችሁ ከ2018 የወጣው ኤስኤን ፕላስ ወይም ከ2020 የወጣው ኤስፒ ደረጃ ያለው ይሁን፤ እነዚህ ደረጃዎች ይህን ቃጠሎ የሚመለከት ፈተና አላቸው። በስድስተኛ ማርሽ ዳገት አትግፉ፣ ማርሽ ቀንሱ። የዘይት ለውጥ ደረሰኝ ቀኑና ማይሉ ተጽፎበት ይቀመጥ። ደረሰኝ የሌለው ሰው ያልተቀየረ መኪና ቢይዝም ይከለከላል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ኮድ ፒ0087 ከመጣ ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፓምፕ ፍላጎቱን አልቻለም። ፒ0299 ከሆነ የተርቦው ግፊት አንሷል፤ ተርቦውን ከመጠርጠራችሁ በፊት የቱቦዎቹን ማያያዣ እዩ። ካታሊቲኩ ተነቅሎ ፒ0420 የሚያሳይ መኪና አልነካም። የጭስ ማጣሪያው የተወገደ የናፍታ ፒክአፕም እንዲሁ፤ ይህ በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው።

ገና ያልቀየራችሁ

አምራቹ ራሱ ወይም ከእርሱ ጋር የተዋዋለ ክፍል የሚሸጠው ፕሮግራም አለ። የቮልቮው ፖልስታር የፋብሪካውን ዋስትና እንደነበረ ያቆየ ነበር። ፎርድ ፐርፎርማንስም ለአንዳንድ ሞዴሎች 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ዋስትና ያለው ፕሮግራም ሸጧል፣ በአከፋፋይ ወይም ፈቃድ ባለው መካኒክ እስከተገጠመ ድረስ። የሚጨምሩት ጉልበት ያነሰ ነው፤ ወጣቶቹ ይንቁታል። የቱኒንግ ቤቱ «እኛ ዋስትና እንሰጣለን» ካለ ወረቀቱን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ያነበብኳቸው አብዛኞቹ የሚሸፍኑት ፋይሉን ነው፤ ፋይሉ የሰበረውን ፒስቶን አይደለም። ፕሮግራም ስትጽፉም ባትሪው ከቻርጀር ጋር ይገናኝ።

ምልክት፦ ምንም አልቀየርኩም፣ ግን ተከልክያለሁ

ያገለገለ መኪና ገዝታችኋል ማለት ነው። የቀድሞው ባለቤት ቀይሮ፣ ምልክት ተጽፎበት፣ መልሶ ሸጠላችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ለልጃቸው የገዙት መኪና ተርቦው ሲበላሽ አከፋፋዩ ይህን ነገራቸው። መኪናው እጃቸው ከገባ አምስት ወሩ ነበር፣ ሻጩም ስልኩን ቀይሯል። ወጪውን ከኪሳቸው ሸፈኑ።

ተርቦ ያለው ያገለገለ መኪና ስትገዙ ገንዘቡ ከእጃችሁ ሳይወጣ የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የዚያው አምራች አከፋፋይ ዘንድ ሂዱ፣ የዋስትና ክልከላ ምልክት እንዳለበት እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። መኪናውን ወደ ኢትዮጵያ ልልክ ነው የሚል ሰው ይህን ድካም ሊተወው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ዋስትና ከተሸጠበት አገር ውጭ አይሠራም። እዚህ የሚነዳ ግን ሻጩ «ጊዜ የለኝም፣ ሌላ ገዢ አለ» ቢለውም ቁጥሩን ሳያስመረምር አይክፈል።