አራት ኪሎ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ኤአይን በሳይንስ የቡድን ሥራ ውስጥ እንዴት እንደሚያስገቡ

የቡድን ሥራ ሲሰጥ አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስም ያስጽፋሉ። አሁን ያ አንዱም ጥያቄውን ገልብጦ ለቻትጂፒቲ ይሰጠዋል። ስልክ መከልከል አያዛልቅም፤ መስተካከል ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ተማሪው ብቻውን ያስብ፣ ቀጥሎ ቡድኑ ይሥራ፣ ኤአይ መጨረሻ ይምጣ።

1. በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ፖል ይላኩ፦ «እዚህ አራት ኪሎ ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል? 100፣ 96፣ 92፣ 88»። የኩዊዝ ምርጫውን አይጠቀሙ፤ ተማሪው እንደነካው ትክክለኛውን መልስ ስለሚያሳየው ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል።

2. የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመሩት ዘዴ መሠረት፣ በትክክል የመለሱት ከመቶ 30 እስከ 70 ከሆኑ ተማሪዎቹ ለ3 ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከሩና በአዲስ ፖል ዳግም ይምረጡ። ከ30 በታች ከሆኑ ስህተቱ ይዛመታል፤ ቀድመው የአየር ግፊትን ያስረዱ፦ ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል።

3. አራት አራት ሆነው ይለኩ። ቴርሞሜትሩ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ 0 ማሳየቱን ያረጋግጡ። 200 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ፣ በድንገት እንዳይገነፍል፣ ጥቂት ንጹሕ የሸክላ ስብርባሪ ይጨምሩ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የቢከሩን ታች ከነካ ንባቡ ከፍ ይላል። በየ30 ሰከንዱ ያንብቡ፤ ሦስት ተከታታይ ንባብ ሲገጥም ያቁሙ። ውጤቱ በጋራ ጎግል ሺት ላይ፣ በየቡድኑ ስም በተዘጋጀ ረድፍ ይግባ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሊሄድ ስለሚችል ወረቀት ላይም ይጻፍ።

4. ኤአይ የሚከፈተው አሁን ነው፤ ሁለት ጊዜም ይጠየቃል። መጀመሪያ ቦታ ሳይጠቀስ፣ ቀጥሎ በአዲስ ቻት «2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ስሌቱን አሳይ» ተብሎ። የመጀመሪያው መልስ 100 ሊሆን ይችላል፤ የባሕር ወለል ግፊትን ስለሚወስድ። ሁለተኛውን ቡድኑ ግፊትንና የመፍያ ሙቀትን በሚያያይዘው የክላውዚየስ–ክላፔይሮን ቀመር በእጁ ያረጋግጥ፦ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል፣ የትነት ሙቀት (ውሃን ወደ እንፋሎት ለመቀየር የሚያስፈልገው ኃይል) በሞል 40.7 ኪሎ ጁል ቢወሰድ 92 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። ካልገጠመ ሁለት ቦታ ይፈተሽ፦ ሙቀቱ በኬልቪን መግባቱና ኪሎ ጁል ወደ ጁል መቀየሩ። ልኬቱ ከስሌቱ ከራቀ ደግሞ ወደ ቴርሞሜትሩ መመለስ ነው።

5. በመጨረሻ ከየቡድኑ አንድ ሰው በዕጣ ይውጣና በኤአይ መልሶች፣ በስሌቱና በልኬቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያለ ስልክ ያስረዳ፤ የቡድኑ ነጥብ በእሱ ማብራሪያ ይያዛል። ዕጣው ከሥራው በፊት አይውጣ፤ ተረኛው ከታወቀ ሌሎቹ ያርፋሉ።