ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ጋር ለእረፍት ስትወጡ

ልጆቻችሁ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ከሞላቸው የእረፍት ቦታውን ብቻችሁን አትምረጡ። አቅማችሁ የሚፈቅደውን ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ለዩና የመጨረሻውን ውሳኔ ለእነርሱ ተዉላቸው። ራሱ በመረጠው ጉዞ የሚያኮርፍ ልጅ ብዙም አላየሁም።

ቦታ ስትለዩ «እዚያ ምን እናያለን?» ከማለት ይልቅ «ልጁ እዚያ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጥሩ እይታን በአሥር ደቂቃ ይጠግባል፤ ሰውነቱን የሚያደክም ነገር ግን አይሰለቸውም። ለዚህ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የላንጋኖ ሐይቅ ተመራጭ ነው። ውኃው ቡናማ ቢሆንም በሐይቅ ውኃ ከሚይዘው የቢልሃርዚያ በሽታ ነፃ በመሆኑ ይታወቃል፤ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲዋኙ ይውላሉ፣ አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። የት መዋኘት እንደሚቻል ግን አስቀድማችሁ የሆቴሉን ሠራተኞች ጠይቁ። በማግስቱ አጠገቡ ወዳለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ወስዳችሁ ሰጎኖቹንና ፍል ውኃውን አሳዩአቸው።

መዋኘት ለማይወድ ልጅ የወንጪ ሐይቅ ይሻላል። በፈረስ ወደ ሐይቁ መውረድ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ደሴቱ መሻገር አለ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ወፍራም ሹራብ ያዙ።

ከተቻለ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ አብሮ ይሂድ። የእኔ ልጅ ከዘመዷ ጋር በሄደች ጊዜ ስልኳን ባትሪው እስኪያልቅ ረስታው ነበር። ጠዋት ጠዋትም ተዉአቸው፣ ይተኙ።